የስዊድንን የሆኪ ሰንጠረዥ ከታች ወደ ላይ ማንበብ

የስዊድን የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በአጭር ስሙ ኤስ ኤች ኤል፣ የሚከፈተው እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ግድም ነው። የሚዘጋው ደግሞ ፋሲካ ሲደርስ ወይም ካለፈ በኋላ። ከእግር ኳስ ወደ ሆኪ የመጣ ሰው የደረጃ ሰንጠረዡን ሲከፍት ዓይኑ በልማድ አንደኛው ቡድን ላይ ያርፋል። እዚህ ሊግ ውስጥ ግን አንደኛ መውጣት ዋንጫ አያስገኝም። አሥራ አራተኛ መውጣት ግን አንድን ከተማ ለዓመታት ሊያስለቅስ ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ማንበብ ይሻላል፤ የውድድር ዘመኑ ከባዱ ትግል ያለው እዚያ ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አሠራሩ። ሊጉ 14 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ከቀሪዎቹ 13 ጋር አራት አራት ጊዜ ይገናኛል፤ ሁለቱን በሜዳው፣ ሁለቱን ከሜዳው ውጪ። 52 ጨዋታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጨዋታዎቹ በብዛት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ላይ ይውላሉ፤ በሥራ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው። በመሀል ለብሔራዊ ቡድን ሲባል ሊጉ እየተቋረጠ ይቀጥላል። ርቀቱንም አትርሱ፤ ከሰሜኑ ሉሌዮ እስከ ደቡቡ ማልሞ በመንገድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጫወት ቡድን ይህን መንገድ ሲሄድ ድካሙ ቅዳሜ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እግሩ ላይ ይታያል።

አቻ የሚባል ውጤት የለም። ጨዋታው 20፣ 20 ደቂቃ ያላቸው ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። ስልሳው ደቂቃ በእኩል ካለቀ የ5 ደቂቃ ጭማሪ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ቡድን ከግብ ጠባቂው ሌላ ሦስት ሦስት ተጫዋች ብቻ ያሰልፋል፤ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል። ማንም ካላገባ ወደ መለያ ምት ይኬዳል። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3 ነጥብ ያገኛል፤ በጭማሪ ወይም በመለያ ምት ያሸነፈ 2፤ በዚያ የተሸነፈው ደግሞ 1 ይዞ ይወጣል። በመደበኛው ሰዓት ለተሸነፈ ምንም የለም።

ይህ ቀላል መስሎ የሚያልፍ ሕግ ሰንጠረዡን ለማንበብ ትልቅ ቁልፍ ይሰጣል። አንድ ጨዋታ ምንጊዜም የሚያከፋፍለው 3 ነጥብ ነው፤ ወይ 3 ለ0፣ ወይ 2 ለ1። በዓመቱ 364 ጨዋታ ስላለ የሚከፋፈለው 1,092 ነጥብ ነው፤ ለ14 ሲካፈል ለአንድ ቡድን 78 ይደርሰዋል። በጨዋታ ሲታሰብ 1.5 ነጥብ ማለት ነው። እንግዲህ 1.5 የውኃ ልክ ነው ብላችሁ ያዙት። ከዚያ በላይ ያለ ቡድን እየተንሳፈፈ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ውኃ እየገባበት ነው። ጥቅምት ላይም ሆነ የካቲት ላይ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ሰንጠረዡ በዝርዝር የሚሸውድበት ምክንያት አንድ ነው፤ ቡድኖች በአንድ ጊዜ እኩል ጨዋታ አይኖራቸውም። አንዱ 26 ጨዋታ አድርጎ 39 ነጥብ ቢኖረው፣ ሌላው በ24 ጨዋታ 38 ቢኖረው፣ ሰንጠረዡ የመጀመሪያውን ከላይ ያስቀምጠዋል። ስታካፍሉት ግን የመጀመሪያው ልክ 1.5 ላይ ነው፤ ሁለተኛው ወደ 1.58 ተጠግቷል። የተሻለው ከታች የተጻፈው ነው። ነጥቡን ለጨዋታ ብዛት ማካፈል አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ይህን የማያደርግ ሰው ግማሹን የውድድር ዘመን በሐሰት ተስፋ ወይም በሐሰት ሥጋት ያሳልፋል።

አሁን ወደ መስመሮቹ። 52ቱ ጨዋታ ሲያልቅ ከ1ኛ እስከ 6ኛ የወጡት በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ይገባሉ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት ቅድሚያ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ በሚያልፍበት አጭር ግጥሚያ ይለያያሉ፤ 7ኛው ከ10ኛው፣ 8ኛው ከ9ኛው። 11ኛና 12ኛ የወጡት ዓመቱ እዚያው ያልቅላቸዋል፤ አይወጡም፣ አይወርዱም፤ ተጫዋቾቹ ጫማቸውን ሰቅለው ወደ ቤታቸው። 13ኛውና 14ኛው ግን ገና አልጨረሱም። እርስ በርሳቸው እስከ ሰባት ጨዋታ ይጋጠማሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ሊጉ ውስጥ ይቆያል፣ የተሸነፈው ወደ ሁለተኛው ሊግ፣ ወደ ሆኪኦልስቬንስካን፣ ይወርዳል። ስዊድኖቹ ይህን ግጥሚያ ባጭሩ ክቫል ይሉታል።

እንግዲህ በ12ኛና በ13ኛ መካከል ያለው ክር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አስቡት። ከላዩ ያለው በሰላም ዕረፍት ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው የክለቡን የመጪዎቹን ዓመታት ዕጣ ለሁለት ሳምንት ይቆማርበታል። በዚህ ሊግ ሰንጠረዥ ላይ ከዚህ የሚብስ መስመር የለም። በ6ኛና በ7ኛ መካከል ያለው መስመርም ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም 6ኛው ሌሎቹ ሲደባደቡ ያርፋል፤ ግን እሱ የምቾት ጉዳይ ነው እንጂ የመኖር ያለመኖር አይደለም።

የሁለት ክለቦችን ታሪክ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ይህ በደንብ ይታያል። የዮንሾፒንጉ ኤች ቪ 71 እና የዬቭሌው ብሪኔስ በ2017 ለዋንጫ ተገናኙ። ግጥሚያው እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ሄዶ ኤች ቪ 71 ሻምፒዮን ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ እነዚሁ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ግን ላለመውረድ። ብሪኔስ ዳነ፣ የአራት ዓመት በፊቱ ሻምፒዮን ወረደ። ኤች ቪ 71 በዓመቱ ተመለሰ። ብሪኔስ ግን በ2023 በተራው ወረደ። ይህ ክለብ 13 ጊዜ የስዊድን ሻምፒዮን የሆነ፣ ከ1960 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ ከላይኛው ሊግ ያልተለየ ነበር። አባት ከልጁ ጋር፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር ተቀምጠው ያላዩት ነገር ነበር። ደጉ ነገር፣ ብሪኔስም በ2024 ተመልሶ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ ለፍጻሜ ደርሶ በሉሌዮ ተሸነፈ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመውረድ እስከ ፍጻሜ!

ሁሉም ግን እንደ ብሪኔስ አይቀናውም። የስቶክሆልሙ ዩርጎርደን በአገሪቱ ብዙ ዋንጫ ያለው ክለብ ነው፤ 16 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2022 ወረደ። በ2023 ለመውጣት የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ደርሶ በሙዶ ተሸነፈ። በ2024 እንደገና ደረሰ፤ በብሪኔስ ተሸነፈ። በሦስተኛው ሙከራ፣ በ2025፣ የከተማ ባላንጣውን ኤ አይ ኬን አሸንፎ ወጣ። ከሁለተኛው ሊግ በዓመት የሚወጣው አንድ ብቻ ነው፤ 14 ቡድን 52 ጨዋታ ተጫውቶ፣ ጥሎ ማለፉንም አልፎ፣ አንድ። መውረድ የአንድ መጥፎ ዓመት ቅጣት ነው፤ መመለስ ግን ስንት ጥሩ ዓመት እንደሚጠይቅ ማንም አያውቅም። በዚህ ምክንያት ስቶክሆልም፣ ያን ያህል ብዙ የእኛ ሰው የሚኖርባት ዋና ከተማ፣ ሦስት የውድድር ዘመን ሙሉ በላይኛው ሊግ አንድም ቡድን አልነበራትም።

ጉዳቱ የስሜት ብቻ አይደለም። የቴሌቪዥን ገቢው በአንዴ ያሽቆለቁላል፤ ብዙ ተጫዋቾች ውላቸው ላይ ቡድኑ ከወረደ መልቀቅ የሚያስችላቸው አንቀጽ ስላለ ጥሩዎቹ ቀድመው ይሄዳሉ። ክለቦቹ ደግሞ በስዊድን የስፖርት ኮንፌዴሬሽን ደንብ መሠረት አብላጫ ድምፁ በአባላት እጅ ያለ ማኅበር ናቸው፤ ኪሱን ፈትቶ ጉድለቱን የሚሞላ ሀብታም ባለቤት የለም። ሌክሳንድን ተመልከቱ፤ 6 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት፣ የሆኪ አዳራሿ ግን ከ7 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ከተማው በሙሉ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ቡድኑ ሲወርድ ሆቴሉም፣ ዳቦ ቤቱም፣ አውቶቡሱም አብሮ ይወርዳል።

ታዲያ ቡድን የሚሰምጠው በምንድን ነው? በእኔ ግምት ከሁሉ በፊት ግብ ጠባቂው ጋ መታየት አለበት። ስሌቱ ይህ ነው። ተጋጣሚ በአንድ ጨዋታ 25 ጊዜ ወደ ግብ ቢመታ፣ በ52 ጨዋታ 1,300 ምት ይሆናል። ከመቶ 92 የሚያድን ግብ ጠባቂ 104 ግብ ይገባበታል። ከመቶ 90 የሚያድነው 130። ሁለት ከመቶ የምትባለው ልዩነት በአንድ ምሽት ዓይን አትታይም፤ በዓመት ግን 26 ግብ ናት። 26 ግብ ማለት ስንት የአንድ ለዜሮ ሽንፈት ወደ ጭማሪ ሰዓት፣ ስንት የጭማሪ ሽንፈት ወደ ድል ይለወጥ እንደነበር ቁጠሩት። ሰዎች አጥቂ ይገዛልን ብለው ሲጮኹ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። አንድ ግብ ጠባቂ 52ቱንም መጫወት ስለማይችል የሁለተኛው ግብ ጠባቂ ጥራትም ቀላል ነገር አይደለም፤ በታኅሣሥ በእሱ ቦታ የገባው ልጅ የሚያጣት ነጥብ በመጋቢት ትፈለጋለች።

ቀጥሎ የቅጣት ጉዳይ አለ። ቀላል ጥፋት 2 ደቂቃ ያስወጣል፤ ቡድኑ በዚያ ጊዜ ከግብ ጠባቂው ሌላ በአምስት ፈንታ በአራት ሰው ይጫወታል፤ ግብ ከተቆጠረበት ቅጣቱ እዚያው ያበቃል። ከባዱ የ5 ደቂቃ ቅጣት ግን ስንት ግብ ቢገባ አይቆረጥም። የደከመ ቡድን እግሩ ሲዘገይ በዱላው ይጠልፋል፣ ይይዛል፤ ስለዚህ የቅጣት ብዛት የባሕርይ ችግር ሳይሆን የድካም ምልክት ነው።

ድካሙ በተለይ የሚታየው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሆኪን በሌላ ዓይን ያያል። ተጫዋቾች በረዶው ላይ በአንድ ተራ የሚቆዩት ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም ይቀያየራሉ። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቡድኑ ወንበር ለራሱ ግብ ቅርብ በሆነው ግማሽ ስለሚገኝ ተከላካዩ ሁለት ሦስት ግፊት ተንሸራትቶ ይወጣል። በሁለተኛው ግን ቡድኖቹ ግብ ስለሚለዋወጡ ወንበሩ ከራስ ግብ ይርቃል። የተከበበ ቡድን ፓኳን (በዱላ የሚመቷትን ጠፍጣፋ የጎማ ክብ) የራሱን ቀጠና ከሚያዋስነው ሰማያዊ መስመር ማዶ ካላወጣ መቀየር አይችልም፤ ጨንቆት ከሜዳው እኩሌታ ወዲህ ሆኖ እስከ ተጋጣሚው መጨረሻ መስመር ቢልካት ደግሞ አይሲንግ ይነፋበታል፤ ጨዋታው እሱው ግብ ፊት እንደገና ይጀመራል፣ መቀየርም ይከለከላል። ስለዚህ እነዚያው አምስት ሰዎች አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል በረዶው ላይ ይቀራሉ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ሲያጎነብሱ ታያላችሁ። ግቧ ያኔ ትመጣለች። የታችኛው ቀጠና ቡድኖችን ስትመለከቱ የሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ የግብ ልዩነት ለብቻው ተመልከቱ፤ በቅያሪ ተራ አራተኛ ሆነው የሚገቡትን ተጫዋቾች ጥራት ከየትኛውም ቁጥር በላይ ያጋልጣል።

ሌላው ስሕተት በጭማሪ ሰዓት የምትገኘውን 1 ነጥብ እንደ ስኬት መቁጠር ነው። አሰልጣኙ በ55ኛው ደቂቃ በእኩል ውጤት ላይ ሆኖ መከላከል ሲጀምር ቢያንስ አንዷን አገኘሁ ይላል። ነገር ግን 1 ነጥብ ከውኃ ልካችን ከ1.5 በታች ናት። አሥር ጊዜ በጭማሪ የተሸነፈ ቡድን አሥር ነጥብ አግኝቻለሁ ብሎ ይጽናና ይሆናል፤ በሰንጠረዡ ቋንቋ ግን አምስት ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ፌብሯሪ ሲደርስ ሁሉም የሚጠይቀው፣ ይደረስበታል ወይስ አይደረስበትም የሚለውን ነው። ቀላል መመዘኛ አለ፤ የነጥቡ ልዩነት ከቀሪው ጨዋታ ቁጥር ከበለጠ መድረስ እጅግ ከባድ ነው። ለምሳሌ 13ኛው ከ12ኛው በ8 ነጥብ ቢርቅና 6 ጨዋታ ቢቀር፣ በየጨዋታው ከባላንጣው 1.33 ነጥብ መብለጥ አለበት። 12ኛው በደካማ አካሄድ 1.2 እያገኘ ቢቀጥል እንኳ አሳዳጁ ከ2.5 በላይ ማግኘት ይጠበቅበታል። ያ ከአንደኛ ቡድን አካሄድም በላይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ 13ኛ የሆነ ቡድን በድንገት ከየት ያመጣዋል? መንገዱ እርስ በርስ የሚደረገው ጨዋታ ነው፤ እዚያ በመደበኛው ሰዓት ማሸነፍ ልዩነቱን በአንዴ በ3 ያጠባል። መርሐ ግብሩ ላይ የሁለቱ ግጥሚያ ቀርቶ እንደሆነ ከሁሉ በፊት ፈልጉ። ነጥብ እኩል ከሆነ ደግሞ የሚለየው የግብ ክፍያ ነው፤ በጥቅምት 6 ለ1 የተሸነፉባት የተረሳች ምሽት ያኔ ሒሳቧን ታስከፍላለች።

ክቫሉ ራሱ ከመደበኛው ጨዋታ ጋር አንድ አይደለም። መለያ ምት የለም፤ እኩል ከሆነ አምስት ለአምስት ሆኖ ግብ እስኪገባ ይቀጠላል። 13ኛ የወጣው ከሰባቱ አራቱን በሜዳው የማድረግ መብት አለው፤ በ13ኛና በ14ኛ መካከል የቀረው ልዩነትም ይኸው ነው። ተጋጣሚው በየሁለት ቀኑ ያው ስለሆነ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ሁሉም የሁሉን ተንኮል ያውቃል፤ የቁጥር ብልጫ አጨዋወት ይነበባል፤ ግብ እያነሰ ይሄዳል፤ አንዲት ስሕተት ጨዋታውን ትወስነዋለች። በ2024 ኦስካርስሃምን በኤች ቪ 71 ተሸንፎ የወረደው፣ በ2025 ሙዶ የተሰናበተው በዚሁ በር ነው።

ስለ ላይኛው ክፍል ብዙ አልጨምርም። ሩብ ፍጻሜው፣ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ሁሉም አራት ያሸነፈ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ አሸናፊው በ1920 ሆኪን ወደ ስዊድን ባስገባው አሜሪካዊው የፊልም ሰው በራውል ሌ ማት ስም የሚጠራውን፣ ከ1926 ጀምሮ ያለውን ዋንጫ ያነሣል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቬክሼ በ2021ና በ2023፣ ፋርየስታድ በ2022፣ ሼሌፍቴዮ በ2024፣ ሉሌዮ በ2025 አንሥተውታል። ሉሌዮ በ2020 የመደበኛውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር፤ ኮሮና መጥቶ ጥሎ ማለፉ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮንም ሳይኖር ቀረ። አንደኛነቱ ምንም አላስገኘለትም። ከ1996 በኋላ ዋንጫ ለማየት 29 ዓመት ጠበቀ።

ጨዋታ በአካል ማየት ለምትፈልጉ፣ በረጅሙ ጎን፣ ከሰማያዊው መስመር ትይዩ፣ ከፍ ብሎ ያለ ወንበር ምረጡ። መስታወቱ ሥር ያለው ዝቅተኛ ወንበር ግጭቱን በደንብ ያሳያል፤ የቅርቡን ግድግዳ ሥር ግን ይጋርዳል፣ የቅያሪውንም ሥርዓት አታዩበትም። ከግቡ ጀርባ ያለው የቆሙት ደጋፊዎች ቦታ ነው፤ ከበሮና መዝሙር እንጂ ዝርዝር ለማየት አይሆንም። ጃኬት አትርሱ።

ከ52ቱ አንዷን ብቻ ማየት ከቻላችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ምረጡ፤ የ12ኛውን ወይም የ13ኛውን ጨዋታ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ውጤቱ 2 ለ2 ነው እንበል፤ ቡድኑ ለመትረፍ 3 ነጥብ ያስፈልገዋል፣ 2 አይበቃውም። ጭማሪ ሰዓት ለእሱ ሽንፈት ነው። ያኔ አሰልጣኙ በእኩል ውጤት ላይ እያለ ግብ ጠባቂውን ይጠራዋል። ግብ ጠባቂው ያን ሁሉ ትጥቅ ተሸክሞ ወደ ወንበሩ ይበርራል፤ ስድስተኛው አጥቂ ግድግዳውን ዘሎ ይገባል፤ ከኋላቸው ባዶ መረብ ቀርቷል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም አይቀመጥም።